የካሲኖ ጠረጴዛ ጨዋታ ለጀማሪ፦ ላስ ቬጋስ ለሚመጡ እንግዶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ ከሚያድሉት ሰዎች መካከል ብዙ ሐበሾች አሉ፤ እኔም ለዓመታት ካደሉት አንዱ ነኝ። ከዲሲ፣ ከዳላስ ወይም ከአዲስ አበባ ዘመድ በመጣ ቁጥር ሻንጣው መኪና ላይ ሳይጫን ጥያቄው ይጀምራል። ሁሌም የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። «እንዴት ነው የሚበላው?» ለሚለው መልስ የለኝም። እያንዳንዱ ወንበር በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል ግን በደንብ መናገር እችላለሁ።

ከየትኛው ጨዋታ ልጀምር?

አንድ ምሽት ብቻ ካለዎት ከባካራት። ጥቂት ቀን ቤት ቁጭ ብለው ማጥናት የማይሰለችዎት ከሆነ ደግሞ ከብላክጃክ። ባካራት ላይ የሚወስኑት አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ የሚሳሳቱበት ቦታ ትንሽ ነው። ብላክጃክ ላይ እያንዳንዱ እጅ (አንዴ የታደለ የካርታ ዙር) ውሳኔ ይፈልጋል፤ ውሳኔውን አጥንቶ የመጣ ሰው ግን በርካሽ ይጫወታል። የዳይስ ጨዋታው ክራፕስ በጫጫታው ያስፈራል እንጂ ዋናው ውርርዱ ቀላል ነው። ኳስ በመንኮራኩር ላይ የሚሽከረከርበትን ሩሌትን ለመማር አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

«ርካሽ» እና «ውድ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

ካስያዙት እያንዳንዱ 100 ዶላር ውስጥ ቤቱ (ካሲኖው) በረጅም ጊዜ ስንት እንደሚያስቀር ማለቴ ነው። ቤቱ ማጭበርበር አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ ሕጉ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። የአሜሪካ ሩሌት 38 ጉድጓድ አለው፤ አንድ ቁጥር መትተው ሲበሉ ግን የሚከፈልዎት 35 እጥፍ ነው። ልዩነቱ የቤቱ ድርሻ ነው።

15 ዶላር እያስያዙ ለአንድ ሰዓት ቢጫወቱ በአማካይ የሚወጣው እንዲህ ነው። ጥሩ ሕግ ባለው ብላክጃክ ላይ በትክክል ቢጫወቱ የቤቱ ድርሻ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ በሰዓት 60 እጅ ቢታደል 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ባካራት በሰዓት 70 እጅ ቢሄድ ከ11 እስከ 13 ዶላር ነው። ሁለት ዜሮ ያለው ሩሌት 35 ጊዜ ቢሽከረከር 28 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ይህ አማካይ ነው፤ በአንድ ምሽት 300 ዶላር ሊበሉም ሊበሉብዎትም ይችላል። ወሩን ሙሉ ስቆጥረው የማየው ግን ይህንኑ አማካይ ነው።

ከመቀመጤ በፊት ምን ልይ?

ጠረጴዛው ጥግ ላይ የቆመችውን ትንሽ ሰሌዳ። ትንሹና ትልቁ ውርርድ እዚያ ተጽፏል። አንድ የአጎት ልጅ 25 የሚለውን ሳያይ 40 ዶላር ይዞ ተቀምጦ በሁለት ደቂቃ ተነሥቷል። ቀጥሎ ጠረጴዛው የለበሰውን ጨርቅ ያንብቡ፤ በተለይ ብላክጃክ ላይ። ከዚያ ትንሽ ቆመው ይመልከቱ። መቆም አያስከፍልም፤ ማንም አያባርርዎትም። ላስ ቬጋስ ባለበት በኔቫዳ ግን ዕድሜዎ 21 ያልሞላ ከሆነ መጫወት ቀርቶ ጠረጴዛው አጠገብ መቆምም አይፈቀድም። ፊትዎ የልጅ ከሆነ ፓስፖርትዎን ወይም መታወቂያዎን ይያዙ።

ገንዘቤን ወደ ቺፕ የምቀይረው እንዴት ነው?

ብሩን ጨርቁ ላይ ያስቀምጡት፤ በእጅ አይስጡን። ብዙ ሰው እጃችንን ስንሰበስብ ይቀየማል፤ ከእንግዳ እጅ ምንም መቀበል ስለማይፈቀድልን ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን ኖት ማየት አለበት። ስለዚህ ኖቶቹን ዘርግተን እንቆጥራለን፣ ቺፑን እንገፋልዎታለን፣ ብሩ ወደ ሳጥኑ ይገባል። ይህን የሚያደርጉት በሁለት ዙር መካከል ነው፤ ካርታ እየታደለ ገንዘብ አይወርወር።

ብዙ ቦታ ቀዩ ቺፕ 5፣ አረንጓዴው 25፣ ጥቁሩ 100 ዶላር ነው። ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ወደ ትላልቅ ቺፕ እንቀይርልዎታለን፤ ገንዘቡን ግን የሚሰጥዎት ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ነው። በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከተቀያየረ ካሲኖው ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ ምንም ወንጀል የለውም። እንዳይታወቅ ብሎ መከፋፈል ነው ወንጀሉ።

ብላክጃክን ከዜሮ አስረዱኝ።

የሚጫወቱት ከዲለሩ (ካርታ ከሚያድለው ሠራተኛ) ጋር እንጂ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር አይደለም። ግቡም «21 ማምጣት» ሳይሆን ዲለሩን መብለጥ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ነው 16 ይዞ፣ ዲለሩ 6 እያሳየ፣ «21 ልሙላ» ብሎ የሚቃጠለው።

ከ2 እስከ 10 ያሉት ካርታዎች በቁጥራቸው ይቆጠራሉ። ጃክ፣ ኩዊንና ኪንግ 10 ናቸው። ኤስ 1 ወይም 11 ነው፤ እንደሚመችዎት። ለእርስዎ ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ዲለሩ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ገልጦ ያሳያል። ከፈለጉ ይጨምራሉ፣ ካልፈለጉ ይቆማሉ። ከ21 ካለፉ ተቃጠሉ፤ ያስያዙት ወዲያው ይነሣል። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ዲለሩ የራሱን ይገልጣል፤ 17 እስኪደርስ መጨመር ግዴታው ነው፣ ምርጫ የለውም።

እንግዲህ የቤቱ ጥቅም ያለው ተራው ላይ ነው፤ እርስዎ መጀመሪያ ይጫወታሉ። ተቃጥለው ከተነሡ በኋላ ዲለሩም ቢቃጠል ገንዘብዎ አይመለስም። ሌላው ሕግ ከሞላ ጎደል ለእርስዎ ያዳላል፤ ይህ አንዱ ግን ሁሉንም ይበልጣል።

መቼ ልጨምር፣ መቼ ልቁም?

ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ ከተሠራ ቆይቷል። በ1956 አራት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አባላት የነበሩ ወጣቶች በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ የሒሳብ ማሽን ብቻ አስልተው ለእያንዳንዱ እጅ የሚሻለውን ውሳኔ በአንድ የስታቲስቲክስ መጽሔት አሳተሙ። ዛሬ በስጦታ ዕቃ መደብር የሚሸጠው ባለቀለም ሰንጠረዥ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ሰንጠረዡን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ቢያዩትም ይፈቀዳል፤ ጨዋታውን እስካላጓተቱ ድረስ ዲለሩ አይቆጣም። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ የሚያፍርበት ሰው ነው የሚገርመኝ።

ሙሉውን እስኪሸመድዱ ይህን ይያዙ። እጅዎ ከ12 እስከ 16 ሆኖ ዲለሩ ከ2 እስከ 6 ካሳየ ይቁሙ፤ 12 ይዘው ዲለሩ 2 ወይም 3 ካሳየ ብቻ ይጨምሩ። ዲለሩ 5 ወይም 6 ሲያሳይ ከ100 እጅ 42 ያህሉን ይቃጠላል፤ ተዉት ይቃጠል። 7 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ግን 17 እስኪደርሱ ይጨምሩ፤ 16 ላይ ሆድዎ ቢንቦጨቦጭም። 11 ሲመጣልዎት ውርርዱን እጥፍ ያድርጉ፤ 10 ላይም ዲለሩ 10 ወይም ኤስ ካላሳየ እንዲሁ። ሁለት ኤስ ወይም ሁለት 8 ከመጣ ለያይተው ሁለት እጅ ያድርጓቸው፤ ሁለት 10 እና ሁለት 5 በፍጹም አይለያዩም። ኤስ እንደ 11 የተቆጠረበት 17 ላይ አይቁሙ፤ አንድ ካርታ ቢጨምሩ ሊቃጠሉ አይችሉምና።

ጨርቁ ላይ «3 ለ 2» ወይም «6 ለ 5» የሚለው ምንድን ነው?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ይያዙ። ኤስና ባለ 10 ካርታ በመጀመሪያው ሁለት ከመጣልዎት ብላክጃክ ነው፤ ልዩ ክፍያ አለው። በድሮው ሕግ 10 ዶላር ያስያዘ 15 ይበላል፤ ይህ 3 ለ 2 ነው። በአዲሱ 6 ለ 5 ግን 12 ብቻ። ሦስት ዶላር ምን አላት ይሉ ይሆናል። ብላክጃክ ግን በየ21 እጅ አንዴ ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ የቤቱ ድርሻ በዚህ ብቻ በ1.4 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከግማሽ በመቶ ተነሥቶ ወደ ሁለት በመቶ ማለት ነው፤ ሰንጠረዡን በቃልዎ ቢያውቁትም።

ርካሽ መስለው የሚታዩት ጠረጴዛዎች ላይ 6 ለ 5 በብዛት ይገኛል። 15 ዶላር በ6 ለ 5 ከሚጫወቱ 25 ዶላር በ3 ለ 2 መጫወት በሰዓት ያነሰ ሊያስወጣዎት ይችላል። ለዘመዶቼ ይህን ሳስረዳ አያምኑኝም፤ ወረቀት አውጥቼ ማስላት አለብኝ።

ዲለሩ ኤስ አሳይቶ «ኢንሹራንስ» ሲል ልግዛ?

አይግዙ። ስሙ ያሳስታል፤ ዲለሩ ብላክጃክ አለው ብሎ መወራረድ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። የሚከፍለው 2 ለ 1 ነው፤ እንዳይከስርዎት በተደፋው ካርታ ላይ 10 ከሦስት አንዴ መምጣት ነበረበት። ከ13ቱ የካርታ ዓይነት ግን 10 የሚቆጠሩት 4ቱ ብቻ ናቸው። ብላክጃክ ይዘው ጎረቤትዎ «ውሰድ እንጂ!» ቢልዎትም እንኳ።

ካርታዬን መንካት እችላለሁ? ለምን በቃል አልናገርም?

ካርታው ፊቱ ወደ ላይ ከታደለ አይንኩት። ወደ ታች ተደፍቶ ከተሰጠዎት በአንድ እጅ ብቻ ይያዙ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝም አያውጡት። ለመጨመር ጨርቁን በጣት መታ መታ፤ ለመቆም እጅን ከካርታው በላይ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ። ካሜራው ድምፅ አይሰማም፤ በኋላ «ቁም ብዬ ነበር» ቢባል የሚታየው እጅ ነው። ካርታው ከታደለ በኋላ ደግሞ ያስያዙትን ቺፕ አይነካኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙውን ጊዜ የዋህ ነው፤ ከላይ ለሚያይ ግን ሌባ ይመስላል።

ካርታ መቁጠር ወንጀል ነው?

የወጡትን ካርታዎች እየተከታተሉ መቁጠር በጭንቅላት ብቻ ከሆነ አይደለም። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1962 በቆጠራ ቤቱን መብለጥ እንደሚቻል በአደባባይ አሳይቷል። ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ መጠቀም ግን በኔቫዳ ከባድ ወንጀል ነው። ቤቱም የሚቆጥር ሰው ካየ «ብላክጃክ ይቅርብዎት» ብሎ በትሕትና ማስነሣት ይችላል፤ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ግን በ1982 የኒው ጀርሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ምክንያት በቆጠራ ብቻ ማባረር አይቻልም። ይህ ሁሉ ለጀማሪ አይመለከትም። በሁለት ቀን የተማሩት ቆጠራ ከሚያተርፍዎት ሰንጠረዡን የሚያሳስትዎት ይበልጣል።

ባካራት የሀብታሞች አይደለም እንዴ?

ገመድ የታጠረበት ክፍል ውስጥ ያለው አዎ። ውጭው ላይ ግን ትንንሽ ጠረጴዛዎች አሉ። ሁለት ወገን አለ፤ «ፕሌየር» እና «ባንከር» ይባላሉ። ስሙ አያደናግርዎት፤ ፕሌየር እርስዎ አይደሉም፣ ባንከርም ካሲኖው አይደለም። በሁለት ቡድን ላይ እንደመወራረድ ይቁጠሩት። 10 እና ስዕል ያላቸው ካርታዎች ዜሮ ናቸው፤ ኤስ 1 ነው፤ ድምሩ ከ9 ካለፈ የመጨረሻው አኃዝ ብቻ ይቆጠራል፤ 7 እና 8 ድምራቸው 5 ማለት ነው። ወደ 9 የቀረበ ያሸንፋል። ሦስተኛ ካርታ መቼ እንደሚወጣ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ እርስዎ ማወቅ አያስፈልግዎትም።

ባንከር ሲያሸንፍ 5 በመቶ ኮሚሽን ይቆረጣል፤ እንዲያም ሆኖ የቤቱ ድርሻ 1.06 በመቶ ነው። ፕሌየር ላይ 1.24። «እኩል ይወጣሉ» የሚለው 8 እጥፍ ይከፍላል፤ የቤቱ ድርሻ ግን ከ14 በመቶ በላይ ነው፤ አጠገቡ አይድረሱ። ስክሪኑ ላይ የሚደረደሩት ቀይና ሰማያዊ ክቦች ያለፈውን ብቻ ይነግራሉ። እነሱን እያየ በወረቀት የሚመዘግብ ብዙ ሰው አለ፤ ወረቀቱንም እስክርቢቶውንም የሚሰጠው ካሲኖው መሆኑ ይታሰብበት።

ሩሌት ላይ በተሸነፍኩ ቁጥር እጥፍ ባስይዝ አንዴ እበላለሁ አይደል?

ይህን የማይጠይቀኝ ዘመድ የለም፤ አብዛኛው በራሱ ያገኘው ይመስለዋል። 15 ብለው ቀይ ላይ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ 30፣ 60፣ 120፣ 240፣ 480፣ 960። ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከተበሉ 1,905 ዶላር ሄዷል፤ ስምንተኛው 1,920 ደግሞ ጠረጴዛው ከሚፈቅደው ትልቁ ውርርድ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ያስያዙት ደግሞ 15 ዶላር ለመብላት ነው። ሰባት በተከታታይ መሸነፍ ሁለት ዜሮ ባለው መንኮራኩር ላይ ከ89 ሙከራ አንዴ ገደማ ያጋጥማል። ብርቅ አይደለም፤ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ደጋግሜ አየዋለሁ።

«ጥቁር ብዙ ጊዜ ስለወጣ አሁን ቀይ ነው» የሚለውም ያው ነው። ነሐሴ 1913 በፈረንጆቹ ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ቀይ ላይ እየከመረ አለቀ። ኳሷ ትዝታ የላትም።

መጫወት ከፈለጉ ዜሮዎቹን ይቁጠሩ። አንድ ዜሮ 2.7 በመቶ፣ ሁለት ዜሮ 5.26፣ ሦስት ዜሮ 7.69 በመቶ ያስከፍላል። ሦስት ዜሮ ያለው አሁን ቬጋስ ውስጥ በየቦታው አለ። ባለቀለሞቹ የሩሌት ቺፖች ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ ዋጋ የላቸውም፤ ሲነሡ እዚያው ያስቀይሩ።

ክራፕስ ላይ የሚጮኹት ምን ብለው ነው?

አብዛኛውን መረዳት አያስፈልግም። «ፓስ ላይን» የሚለው መስመር ላይ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ውርወራ የሁለቱ ዳይስ ድምር 7 ወይም 11 ከሆነ በሉ፤ 2፣ 3 ወይም 12 ከሆነ ተበሉ። ሌላ ቁጥር ከመጣ ያ ቁጥር «ፖይንት» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከ7 በፊት ከተደገመ በሉ፣ 7 ከቀደመ ተበሉ። የቤቱ ድርሻ 1.41 በመቶ ነው። ፖይንት ከተያዘ በኋላ ከጀርባው «ኦድስ» የሚባል መጨመር ይቻላል፤ ካሲኖ ውስጥ ቤቱ ምንም የማያተርፍበት ውርርድ ይህ ነው፤ ስለዚህም ጨርቁ ላይ አልተጻፈም። መሐል ላይ ያሉትን ባለሥዕል ውርርዶች ይተዉ፤ «ቀጣዩ 7 ነው» የሚለው ብቻ 16.67 በመቶ ይወስዳል።

ዳይሱን በአንድ እጅ ይያዙ፣ የወዲያኛውን ግድግዳ ያስመቱ፣ «ሰቨን» የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፍዎ አያውጡ፤ ሰዎቹ ከልባቸው ይቆጣሉ። በ2009 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ አንዲት ጀማሪ ከአራት ሰዓት በላይ 154 ጊዜ ስትወረውር ቆይታለች። ያን ምሽት እዚያ የነበረ ዲለር መሆን እመኝ ነበር፤ ቲፑን ሳስበው።

ቲፕ ግዴታ ነው?

አይደለም፤ ግን ከቲፕ ነው የምንኖረው። ሲነሡ ሁለት ቀይ ቺፕ ቢተዉ መልካም ነው፤ ወይም ከውርርድዎ ፊት ለፊት ትንሽ ለዲለሩ ማስያዝ ይቻላል። ብዙ ቤት ውስጥ የሁላችንም ቲፕ ተጠራቅሞ ስለሚካፈል «ለአንተ ብቻ ነው» ቢሉኝም ለብቻዬ አይደርሰኝም። መጠጡ ለሚጫወት ሰው ነጻ ነው፤ ለምታመጣው ልጅ ግን አንድ ሁለት ዶላር ይስጡ።

ከኢትዮጵያ ለጉብኝት ነው የመጣሁት። ከበላሁ ግብር ይቆረጥብኛል?

አሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ እንግዳ ከብላክጃክ፣ ከባካራት፣ ከክራፕስና ከሩሌት በተበላ ገንዘብ ላይ አይቆረጥም። ስሎት በሚባለው የቁማር ማሽን ላይ ትልቅ ከመታ ግን 30 በመቶ ይቀራል። እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ካሲኖው ወረቀት ባይሰጠውም የበላውን በዓመታዊ ግብሩ ላይ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል።

ይዤው የምመጣው ገንዘብ ስንት ይሁን?

ከትንሹ ውርርድ 20 እጥፍ አንዴ ቁጭ ብሎ ለመጫወት ይበቃል፤ 15 ዶላር ጠረጴዛ ላይ 300 ማለት ነው። ባንክ ካርዱን ሆቴል ይተዉት። የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ገና ሲቀመጡ ያስታውቃሉ፣ ቺፑን እየደጋገሙ ይቆጥራሉ።

መነሣት ካቃተኝስ?

ቁማር ለከበደባቸው ሰዎች ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር በ1-800-426-2537 ይደውሉ፤ ስምዎን አይጠይቁዎትም፣ ሌሊትም ይነሣል። ካሲኖውንም «እንዳታስገቡኝ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሲፈርም ባለቤቱ ሳትሆን ዲለሩ ነበር ያበረታታው።

ዲለሩ ሲነሣ ለምን ያጨበጭባል?

እየተሰናበተዎት ወይም እያሾፈብዎት አይደለም። መዳፋችን ውስጥ ቺፕ እንደሌለ ለካሜራው እያሳየን ነው። አንዴ አጨብጭበን ሁለቱንም እጅ ገልብጠን እናሳያለን፤ ከዚያ ቀጣዩ ዲለር ይገባል። እኔ ቤቴም ከእራት ስነሣ አደርገዋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።